ጉድጓድ ውስጥ የተረሳው ሰው



አንድ ሰው ፈሪሃ አምላክ ያለኝ ነኝ ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ብዙዎቻችን «ማሻአላህ» ብለን እናልፋለን። ለመሆኑ አምላክን መፍራት ምን ማለት ነው ብሎ መልሶ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠራል። ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት በ399 ዓመት፣ በግሪኳ አቴንስ፣ ይህንኑ የጠየቀ አንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ሶቅራጥስ ይባላል። ዐረቦች ሱቅራጥ ይሉታል፤ ፈላስፋው አል-ኪንዲም ስለ እርሱ ጽፏል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰው «መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን»ም በስሙ የሚነገሩ ምክሮችን ይዟል። እንግዲህ ሰውየው ለሀገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ተማሪው ፕላቶ የጻፈውን «ኤውቲፍሮ» የተሰኘ አጭር ምልልስ ነው። ቦታው ሃይማኖት ነክ ክሶችን የሚቀበለው ሹም ደጃፍ ነው። ሶቅራጥስ እዚያ የተገኘው ተከስሶ ነው። ሜሌቱስ የሚባል ወጣት፣ ወጣቶችን ያበላሻል፣ የከተማዋን አማልክት ትቶ አዳዲስ ያመጣል ሲል ከሶታል። እዚያው ያገኘው ኤውቲፍሮ ግን ከሳሽ ነው። የከሰሰውም የገዛ አባቱን ነው፤ ያውም በነፍስ ግድያ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በናክሶስ ደሴት ሲያርስ አንድ ቅጥር ሠራተኛቸው ሰክሮ ከቤቱ ባሪያዎች አንዱን ይገድላል። አባትየው ገዳዩን እጅና እግሩን አስሮ ጉድጓድ ውስጥ ይጥለውና፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ የሃይማኖቱን ሕግ አዋቂ ጠይቆ እንዲመጣ ወደ አቴንስ መልእክተኛ ይልካል። እስከዚያው ስለ ታሳሪው ግድ አልነበረውም። መልእክተኛው ሳይመለስ ሰውየው በረሃብና በብርድ እንደታሰረ ሞተ።

ዘመዶቹ ልጅ አባቱን መክሰሱ ነውር ነው ብለው ተቆጡ። ኤውቲፍሮ ግን ስለ ፈሪሃ አምላክ ጠንቅቄ አውቃለሁ ባይ ነውና አልተበገረም። ሶቅራጥስም እንግዲያው አስተምረኝ፣ ለክሴ ይጠቅመኛል አለው።

ኤውቲፍሮ መጀመሪያ የሰጠው መልስ አሁን እኔ የማደርገው ነው የሚል ነበር። ይህ ምሳሌ እንጂ ትርጉም አይደለም። ቀጥሎ አማልክት የሚወዱት ነው አለ። የግሪክ አማልክት ግን እርስ በርስ የሚጣሉ ናቸው፤ አንዱ የወደደውን ሌላው ይጠላል። ሁሉም የሚወዱት ነው ብሎ ሲያሻሽለው ሶቅራጥስ ከባዱን ጥያቄ አመጣ። ነገሩ መልካም የሆነው ስለ ተወደደ ነው? ወይስ የተወደደው መልካም ስለ ሆነ?

የመጀመሪያው ችግር ለእኛ ችግር አይደለም፤ አላህ (ሱ.ወ) አንድ ነው። ሁለተኛው ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የእኛም ሊቃውንት ይህንን በሚመስል ጉዳይ ለዘመናት ተከራክረዋል። ሙዕተዚላዎች መልካምና ክፉ በአእምሮ የሚታወቁ ናቸው ሲሉ፣ አሽዓሪዮች ደግሞ መልካም አላህ ያዘዘው፣ ክፉም እርሱ የከለከለው ነው ብለዋል።

ብዙ ሰው ምልልሱን የሚያስታውሰው በዚህ ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት ግን ትልቁ ቁም ነገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኤውቲፍሮ አምላክን መፍራት አማልክትን ማገልገል ነው ሲል፣ ሶቅራጥስ በዚህ አገልግሎት የሚፈጸመው ሥራ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። ሐኪምን የሚያገለግል ለጤና ይሠራል፤ መርከብ ሠሪን የሚያግዝ መርከብ ይሠራል። የእናንተስ አገልግሎት ምን ያፈራል? ኤውቲፍሮ ከዚህ ሸሽቶ ወደ መሥዋዕትና ልመና ገባ። ሶቅራጥስም ይህማ ሰጥቶ መቀበል፣ ንግድ ነው አለው፤ ወደ መልሱ ከተቃረበ በኋላ ፊቱን በማዞሩም አዘነበት። ኤውቲፍሮ ቸኩያለሁ ብሎ ሄደ። መልሱ ሳይገኝ መጽሐፉ አለቀ።

አንዳንዶች መልስ አለመስጠቱን እንደ ጉድለት ያዩበታል። እኔ ጉድለት የምለው ሌላ ነው። ያ ጉድጓድ ውስጥ የሞተው ሰው የት ደረሰ? ሶቅራጥስ እንኳ ለክርክሩ ምሳሌ ካልሆነ በቀር አያነሣውም። ለኤውቲፍሮ ፍትሕ እናድርግለት፤ ሟቹ ባዕድ ይሁን ዘመድ ፍትሕ አንድ ነው ማለቱ ትክክል ነው። እኛም በወላጆቻችን ላይ ቢሆን እንኳ በእውነት እንድንመሰክር በሱረቱ አን-ኒሳእ ታዘናል። ለወላጅ ክፉ ቃል እንዳንናገርም በሱረቱል ኢስራእ ታዘናል። ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም ያስጨንቃል፤ ያስለቅሳልም። ኤውቲፍሮ ግን ጭንቀት አልነካውም። ከነፍሰ ገዳይ ጋር አብሮ መኖር እንዳያረክሰው ነበር ስጋቱ።

እስቲ ልብ በሉ! አባትየው ፈትዋ እስኪመጣ ይጠብቃል። ልጁ ከርኩሰት ለመንጻት ይከስሳል። ሜሌቱስ ለአማልክት ተቆርቋሪ ነው። ሁሉም «ፈሪሃ አምላክ» አላቸው። ለታሰረው ሰው ቁራሽ ዳቦና የሚለብሰው ነገር የሰጠ ግን አንድም የለም! ያንን ለማድረግ ደግሞ ከአቴንስ ምላሽ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር። ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሆነ ራሷ ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቃት የገደለች ሴት በዚያ ሰበብ እሳት እንደ ገባች ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ድመት እንዲህ ካስጠየቀች ሰውማ ምን ያህል ያስጠይቅ!

የሶቅራጥስም መጨረሻ ይህንኑ ይመሰክራል። 500 ያህል ዳኞች በተቀመጡበት ሸንጎ ሞት ተፈረደበት። ሆኖም ለአምልኮ ወደ ዴሎስ ደሴት የሄደው መርከብ እስኪመለስ ከተማዋ ንጹሕ መሆን ነበረባትና ቅጣቱ አንድ ወር ገደማ ቆየ። መርከቡ ሲመለስ መርዙን አጠጡት። ሥርዓቱ አንዲት ሳትጓደል ተጠበቀ፤ ሰውየው ግን ሞተ።

ውድ ወላጆች! ልጆቻችንን ሶላትና ጾም ስናስተምር፣ ይህ ሥራችን በውስጣችን ምን አፈራ የሚለውንም አብረን እንጠይቃቸው። ከእነርሱም በፊት ራሳችንን እንጠይቅ። ተቅዋችን በቤታችን ያለችው ሠራተኛ፣ በደጃችን ያለው ጎረቤት የሚያውቀው ነው? ወይስ ኤውቲፍሮ ለሶቅራጥስ እንደ ነገረው በአንደበታችን ብቻ ያለ? ስንጠየቅ ቸኩያለሁ ብለን አንሂድ። አንድ ቀን ቸኩያለሁ የማይባልበት ጥያቄ አለ።

ወላሁ አዕለም።