ቃና ቴሌቪዥንና የቤታችን ምሽት

ከሐኪም ጋራ ሆኖ ቁልቁል ጀጎልን የተመለከተ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በመስጊዶቹ ሚናራዎች ላይ ነበር። ዛሬ ከሚናራዎቹ ጋር በየጣሪያው ላይ ሰማይ ሰማይ የሚያይ የዲሽ ሳህን ይታያል። ከሳህኑ በታች ባለው ቤት ምሽቱን ማን ምን እንደሚተርክ ግን ጋራ ላይ ቆሞ ማወቅ አይቻልም። ለዚያ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከመግሪብ በኋላ ለማስቀራቸው ልጆች ስለ ሰሐቦች ሳስተምር «ዑመር ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ የአሥር ዓመት ልጅ ፈጥኖ እጁን አወጣና የአንድ ድራማ ፖሊስ መሆኑን ነገረኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ልጁንም አስለቀስኩት። በማግስቱ እናቱ መጥታ፣ «ከቢር፣ ይቅር ይበሉት። ግን ያኛውን ዑመር እርስዎ አልፎ አልፎ ይነግሩታል፤ ይኸኛውን በየምሽቱ ያየዋል» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም ያ መልስ ያጣሁበት ቀን ነው።

የአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ጣቢያው የመንግሥት ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታትም እንዲሁ ቆየ። ከዚያ የሳተላይት ዘመን መጣ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። መሥራቾቹ ኤልያስ ሹልዝ፣ ናዝራዊ ገብረሥላሴና «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያዘጋጀው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ሲሆኑ፣ ሸሪካቸው በአፍጋኒስታናዊው ሳዓድ ሞህሰኒ የሚመራው ሞቢ ግሩፕ ነበር። ጣቢያው የታወቀበት ሥራ የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን፣ በተለይም የቱርክን፣ የተዋናዩን የከንፈር እንቅስቃሴ እየተከተሉ በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ነው። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን መካድ ፍትሕ አይሆንም። ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ አያቶች ሳይቀሩ ታሪኩን ተከታተሉት።

ወዲያውም ክርክር ተነሣ። የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች ማኅበራት በዚያው ዓመት የተቃውሞ ድምፃቸውን አሰሙ። ተሠርቶ ያለቀና በርካሽ የተገዛ ድራማ የአገር ውስጥ ተዋናይንና ደራሲን እንጀራ ይነጥቃል፣ ባህልንም ይበርዛል አሉ። ደጋፊዎች በበኩላቸው ተመልካቹ የመምረጥ መብት አለው፤ በድምፅ ሥራውም ብዙ ወጣቶች ሙያ ያገኛሉ ሲሉ መለሱ። በእኛ ሰፈር ደግሞ ሌላ ክርክር ነበር። ገሚሱ «የካፊር ባህል ነው» ሲል፣ ገሚሱ «ኧረ ሙስሊሞች ናቸው፤ ስማቸው እንኳ የኛው ነው» ይል ነበር።

ይህ ክርክር በእኛ አልተጀመረም። ያው ሞቢ ግሩፕ በ1997 ዓ.ም. በካቡል ያቋቋመው ቶሎ ቴሌቪዥን የሕንድ ድራማዎችን በዳሪ ቋንቋ ሲያቀርብ ዑለማዎች ተቃወሙ፤ በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ድራማዎቹ እንዲቆሙ አዘዘ፣ ጣቢያው ግን አሻፈረኝ አለ። በዚያው ዓመት ኤም ቢ ሲ የተባለው የዐረብ ጣቢያ «ኑር» የተሰኘውን የቱርክ ድራማ በሶሪያ ዐረብኛ አቀረበ። የሳዑዲው ታላቅ ሙፍቲ አወገዙት። ጣቢያው እንደገለጸው ከሆነ ግን የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው ተመልክቶታል። ኤም ቢ ሲ የቱርክ ድራማዎችን ያነሣው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል የፖለቲካ ቅሬታ ነበር። እንግዲህ ውግዘቱ ያላስነሣውን ድራማ ፖለቲካው አነሣው ማለት ነው።

ታዲያ ነገሩን በምን ሚዛን እንመዝነው? በባዕድነቱ ነውን? በተዋናዮቹ ስም ነውን? እኔ በታሪኩ አተራረክ እንመዝነው እላለሁ።

በቃና ከቀረቡት መካከል እጅግ የተወደደውን «ጥቁር ፍቅር»ን እንውሰድ። ዑመር የተባለ ፖሊስና ኤሊፍ የተባለች የሀብታም ልጅ የእርሱን እጮኛና የእርሷን አባት የገደለውን ሰው ይፈልጋሉ። ገዳዩ በሩቅ አይደለም፤ ከዑመር ጋር አንድ ማዕድ የሚቆርሰው ታላቅ ወንድሙ ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ከንቱ ታሪክ አይደለም። የተደበቀ ኃጢአት ቤት እንደሚያፈርስ ያሳያል። የወንድም ክህደት በሱረቱ ዩሱፍም አለ፤ የሴቲቱ ፈተናም አለ፤ እስርም አለ። ቁርኣን ይህን ሁሉ ሳይሸሽግ ይተርካል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በአንድ ሱራ ውስጥ ይጀምራል፣ እዚያው ይፈጸማል። ፈተናው በተነገረበት ሰዓት አላህን መፍራቱም ይነገራል፤ ጉድጓዱን የሰማ ልጅ በዚያው መቀመጫው ይቅርታውንም ይሰማል።

የንግድ ጣቢያ ግን እንዲህ ሊተርክ አይችልም። በቱርክ አንድ ክፍል በሳምንት አንዴ የሚታይ፣ ሁለት ሰዓት ገደማ የሚፈጅ ነው። ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ተቆራርጦ የብዙ ቀን ምግብ ይሆናል። ልብ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ይቆረጣል፤ ምክንያቱም ጣቢያው ለእኛ በነጻ ነው፣ የሚከፍለው አስተዋዋቂ ነው፣ የሚሸጠውም የእኛ ዓይን ነው። እስከ 2011 ዓ.ም. የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ በአገራችን ጣቢያዎች በድራማና በድራማ መካከል ቢራ ይፈስ እንደነበር አንዘነጋም። ስለዚህ የታሪኩ ትምህርት በወራት መጨረሻ ይመጣል፤ ቪላው፣ መኪናው፣ አለባበሱና በቀሉ ግን በየምሽቱ ይመጣሉ። መጨረሻውን ሳያይ የሚተኛ ልጅ የሚቀርለት የቱ ነው?

ወላጆች ሆይ! በአባቶቻችን ቤት ነደባው ለሁሉም ቦታ ነበረው። አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ ሌላውም እንደ ዕድሜውና እንደ ክብሩ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊት ይተያያል፣ ይጨዋወታል። ዛሬ ሁላችንም ፊታችንን ወደ አንድ ግድግዳ አዙረናል። ይህን ያደረገው ቃና ነው ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ሪሞቱ በእጃችን ነበር። የአያቶቻችንን ተረት፣ የነጋዴዎቻችንን ጉዞ፣ የከቢሮቻችንን ታሪክ ለልጆቻችን መተረክ ያቆምነው እኛው ነን። የኪነ ጥበብ ሰዎች አቤቱታም በዚህ በኩል እውነት ነበረው፤ የእኛን ቤት ታሪክ ኢስታንቡል አይጽፍልንም።

ቴሌቪዥኑን ሰብራችሁ ጣሉ አልልም። ልጅ የጎረቤት ቤት ያውቃል። አብራችሁት ተቀመጡ፤ ሲቆረጥ ዝጉትና «ይህ ሰው ልክ ነው? አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በሉት። ከዚያም የራሳችሁን አንድ ታሪክ ጨምሩለት። እያንዳንዳችን በቤታችን እረኞች ነን፤ ስለ መንጋችንም እንጠየቃለን።

እኔም ያንን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቂርኣት በኋላ አንድ ታሪክ እተርካለሁ፤ ልብ በሚንጠለጠልበት ቦታ ላይ ግን አላቆምም፣ እጨርሰዋለሁ። ያ ልጅ አሁን ሁለቱን ዑመሮች ለይቶ ያውቃል። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ወላሁ አዕለም።