የኤንኬኤክስ 2-5 ጂን ጥናቶች ሲመዘኑ

ኤንኬኤክስ 2-5 በጽንስ ላይ ልብ ሲሠራ የሌሎችን ጂኖች ሥራ የሚመራ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ጥናት የዚህ ጂን ለውጥ በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ካለ ቀዳዳና ከልብ የኤሌክትሪክ መተላለፊያ መዘጋት ጋር በቤተሰብ እንደሚወረስ አሳይቷል። ብርታቱም ማስረጃውን ከትውልድ ወደ ትውልድ ተከትሎ ማቅረቡ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ግን በፎርማሊን ተጠብቀው በቆዩ ልቦች፣ በአብዛኛው በታመመው ክፍል ብቻ፣ በርካታ ለውጦች መገኘታቸው ተዘገበ። ፎርማሊን ዲኤንኤን ስለሚጎዳ ንባቡን ሊያሳስት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 በቀዶ ሕክምና ተወስዶ በቀዘቀዘ የልብ ሥጋ ላይ የተደረገው ምርመራም ተመሳሳይ ለውጥ አላገኘም። እንግዲህ በቤተሰብ ጥናት ወይም በተደጋጋሚ ምርመራ ያልተረጋገጠ ለውጥ የበሽታ መንስኤ ሊባል አይገባም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ከዚህ የሚተርፈው ትምህርት ከጂን ምርመራ ይልቅ የቤተሰብን ታሪክ የሚመለከት ነው። የልብ ቀዳዳ የተጠረጠረበትን ሕፃን ወደ አዲስ አበባ ሲልክ፣ ከዘመዶቹ መካከል የልብ ቀዳዳ ያለበት፣ ራሱን የሚስት ወይም በድንገት የሞተ እንዳለ ጠይቆ በሪፈራል ወረቀቱ ላይ ያስፍር። መዘጋቱ ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላም ሊባባስ ስለሚችል የኢሲጂ ክትትሉ ሊቋረጥ አይገባም።