በሮቤ ስለ ዳታቤዝ ግዥ የሚሰጠው ምክር፤ አጭር ትችት

በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በሮቤ ከተማ፣ ስንዴና ገብስ የሚሰበስብ ነጋዴ ወይም የገበሬዎች ማኅበር ሒሳቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር ባሰበ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር ይሰጠዋል። አንደኛው «ባንኮች የሚሠሩበትን ግዛ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ፒችትሪን ከወዳጅህ ገልብጥ፤ ማን ይጠይቅሃል?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ሁለቱም ምክሮች የተሳሳቱ መሆናቸውን ማመልከት ነው። ነገሩ የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ መዝገቡ ቢጠፋ ስንት ኩንታል እንዳስረከበ ማስረጃ የሚያጣው ገበሬው ነውና።

በመጀመሪያ የባንኩን ምክር እንመልከት። ኦራክል የተባለው ዳታቤዝ አነስተኛው እትሙ በታተመው የዋጋ ዝርዝር ለአንድ ፕሮሰሰር 17,500 ዶላር ሲሆን፣ ለድጋፍ ደግሞ በየዓመቱ ከመቶ 22፣ ማለት 3,850 ዶላር ይከፈልበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ በዚያን ጊዜ የዓመቱ ድጋፍ 219,450 ብር ይሆን ነበር። ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ 110 ብር ባለፈ ጊዜ ግን ያው ድጋፍ 423,500 ብር ሆነ። ገዢው አንዲት መስመር እንኳ ሳይጨምር ዕዳው በእጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። የስንዴው ዋጋ በብር፣ የፈቃዱ ዋጋ በዶላር መሆኑን መካሪዎቹ አያነሡም።

ደግሞም ውድ መሆን ብቻውን ከስሕተት አያድንም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ያወጡበትን ሌሊት ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ባንኩም ምክንያቱ በራሱ የሲስተም ሥራ ላይ የተፈጠረ ስሕተት እንጂ የውጭ ጥቃት አለመሆኑን ገልጦአል። ሆኖም ፍርድ እንዳናዛባ ይህንም መናገር ይገባል፦ ኦራክል የኢትዮጵያን የዘመን አቈጣጠር በውስጡ ይዞአል፤ ጳጉሜንን ያውቃል። በነጻ የሚገኘው ፖስትግሬስ ግን አያውቅም፤ ሠሪው ራሱ አስልቶ ሊያስገባለት ግድ ነው። ለሌላው እንከኑ ሁሉ ባይሆንም፣ በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል።

ሁለተኛውን ምክር በተመለከተ፣ ፒችትሪ በአገራችን የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የሚማረው ስለ ሆነ ስሙ ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሎ ቢለወጥም እኛ እስከ ዛሬ ፒችትሪ እንለዋለን። ለሒሳብ ሥራ ጥሩ መሣሪያ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የተገለበጠ ቅጂ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀን መብት ከመጣሱም በላይ፣ በተበላሸ ጊዜ ባለቤቱን «እርዳኝ» ለማለት አፍ አይኖረውም። ሕጉን የማይፈራ እንኳ ይህንን ይፍራ።

እንግዲህ ምን ቀረ? የማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ የሚባል የነጻ እትም አለው፤ በ2022 እትም አንዱ ዳታቤዝ ከ10 ጊጋባይት እንዳይበልጥ ተወስኖአል። ብዙዎች ይህን ወሰን ሰምተው ይሸሹታል፤ ያሰሉት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንድ የእህል መቀበያ ደረሰኝ 200 ባይት ቢይዝ፣ ከቦታውም ግማሹ ለማውጫ ቢለቀቅ፣ 25 ሚሊዮን ደረሰኝ ይገባል። ማኅበሩ በቀን 500 ደረሰኝ እየቈረጠ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ ለመሙላት ከ160 ዓመት በላይ ይፈጅበታል።

በበኩሌ ግን የምመርጠው ፖስትግሬስን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ሲሆን፣ ለፈቃዱ አይከፈልም፣ የመጠን ወሰንም በገበያ ምክንያት አልተጣለበትም። የጤና ሚኒስቴራችን የጤና ሪፖርት የሚሰበስብበት የኦስሎ ዩኒቨርሲቲው ዲኤችአይኤስ 2 የሚሠራው በዚሁ ላይ ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋም (በሮቤ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም) ለውጡን አስቀድሞ በተለየ መዝገብ ስለሚጽፍ የጸደቀውን ሥራ መልሶ ያገኛል። ይሁን እንጂ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ ነጻ ነው ብሎ ያለ ሠራተኛ የሚተክለው ሰው ያስተዛዝባል። ልዩነቱ የሠራተኛው ደመወዝ በብር የሚከፈል፣ ዕውቀቱም እዚሁ የሚቀር መሆኑ ነው።

ከፈቃድ ሁሉ የሚብሰው ወጪ ግን በዋጋ ዝርዝር ላይ የለም። ኃይሉ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፣ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ ማሽኑም ሁለት ገበሬ አድርጎ ይቈጥራቸዋል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ፀ እና ጸ እንዲሁ ናቸው። ከላይ ከጠቀስኋቸው አንዱም፣ ውዱም ሆነ ነጻው፣ እነዚህን ሳይነገረው አንድ አያደርጋቸውም። የከተማችን ስም እንኳ ችግር አለበት፦ የአርሲ ሮቤ አለች፣ የባሌ ሮቤ አለች። ከተማውን በስም ብቻ የመዘገበ ዳታቤዝ የአንዱን ገበሬ ስንዴ ለሌላው አገር ያስረክባል። ስለዚህ ሻጭ በመጣ ጊዜ ከዋጋው በፊት እነዚህን ሁለት ሮቤዎች በፊቱ አስገብቶ እንዲያሳይ፣ ቀጥሎም መዝገቡን ሁሉ በተራ ጽሑፍ አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ እንዲመልሰው መጠየቅ ነው።