የገጠመና የሠራ

የእጅ ሰዓትን ከተገዙ ክፍሎች ገጣጥሞ ለራስ ማበጀት በልዩ ልዩ አገሮች የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ከሆነ ሰንብቷል። ብዙዎቹ ገጣጣሚዎች መነሻ የሚያደርጉት ሴይኮ የሚያመርተውን ኤንኤች 35 የተሰኘ ማሽን ነው፤ ባለ 24 ፈርጥ፣ በሰዓት 21,600 ጊዜ የሚመታ፣ ሞላውም በክንድ እንቅስቃሴ የሚጠመዘዝ። ገጣጣሚው ገበታውን፣ ጠቋሚዎቹንና ቀፎውን መርጦ ያለብሰዋል፤ ከዚያም «የሠራሁት ሰዓት» ይለናል።

ጥያቄያችን ከዚህ ቃል ይነሣል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ዳኒየልስ (1926–2011 እ.ኤ.አ.) ቀፎና ገበታው ሳይቀር ሙሉውን ሰዓት በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ሰዓቱ በሚመታበት ክፍል የሚፈጠረውን ሰበቃ የሚቀንሰውንና ኦሜጋ በ1999 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያዋለውን ኮአክሲያል የተባለ ስልት የፈለሰፈውም እርሱ ነው። በዚህ ሚዛን ላይ ሲወጣ የገጣጣሚው «ሠራሁ» ባይነት ይቀልላል።

ይሁንና ድካሙን አንንቅም። ጠቋሚዎቹ የሚተከሉት ትንፋሽ ተይዞ ነው፤ ቀኑ በሚለወጥበት ቅጽበት ሁለቱም 12 ላይ ካልተደራረቡ ሰዓቱ በየሌሊቱ ባለቤቱን ያሳጣል። አንዲት የአቧራ ቅንጣት ከመስተዋቱ ሥር ከገባችም ሥራው እንደገና ይፈታል። የሚያስወቅሰው ሌላ ነው፤ ይኸውም ምርጫው። ማሽኑን መዋስ ግድ ይሆናል፤ ዓይንን መዋስ ግን ማንም አላስገደደውም። ገበታው ብቸኛ ነጻ ሜዳው ሆኖ ሳለ፣ ብዙው ሰው በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣውን የሮሌክስ ሰብማሪነር መልክ ይገለብጣል፤ ጠላቂ ዋናተኛ በጨለማ ውኃ ውስጥ እንዲያነባቸው የተነደፉትን ወፋፍራም ምልክቶች ባሕር ነክቶ በማያውቅ ክንድ ላይ ያኖራል።