ስለ ዘላቂ የሕንፃ ዕቃዎች የተጻፉ የልምምድ ሪፖርቶች፤ አጭር ትችት

በ2016 ዓ.ም. ሁለተኛ መንፈቅ እኛ አራት የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች በአዲስ አበባ በሚሠራ አንድ ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ለ4 ወር ልምምድ አድርገን፤ እንደ ደንቡ የየራሳችንን ሪፖርት ለክፍላችን አስረከብን። በእያንዳንዱም ውስጥ «ዘላቂ የሕንፃ ዕቃዎች» የሚል ምዕራፍ አለበት። የተሰጠንም ነጥብ መልካም ነበረ። ነገር ግን አራቱን ሪፖርቶች ጎን ለጎን አድርገን ብናነባቸው ያ ምዕራፍ ከሁሉ የደከመ ሆኖ ስላገኘነው፤ ትችቱን ከራሳችን ልንጀምር ወደድን።

የመጀመሪያው ጉድለት የሰው አገር ዕቃ መመኘት ነው። ከአራታችን ሦስታችን ከሲሚንቶው ከፊሉ ቀርቶ በምትኩ የድንጋይ ከሰል አመድ እንዲጨመር አሳስበናል። ይህ አመድ ከሰል እያነደዱ የኤሌክትሪክ ኃይል በሚያመነጩ አገሮች፤ እንደ ህንድና እንደ አሜሪካ ባሉት፤ ተርፎ የሚከማች ነው። የእኛ መብራት ግን በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው። እንግዲህ አመዱን ከወዴት ልናመጣው ኖሯል? በመርከብ አስጭነን፤ ከጂቡቲ በካሚዮን? የጻፍነውም ሆንን ያረመን ሰው ይህን አልጠየቅንም።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳፍረን የተመኘነው ነገር እጃችን ላይ መኖሩ ነው። ምሳ ስንበላ የምንቀመጥበት የሲሚንቶ ከረጢት «ፒፒሲ» የሚል ተጽፎበታል፤ ፖርትላንድ ፖዞላና ሲሚንቶ ማለት ነው። የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር በ1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ተቃጥለው ክሊንከር ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ነው። ስለዚህ እቶኑ በምንም ቢነድ ጋዙ አይቀርም፤ ክሊንከሩን መቀነስ ግን ይቻላል። በአገራችን ለዚሁ የሚጨመረው ፑሚስ ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈር፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ቀላል ድንጋይ ነው። ፖዞላና የሚለው ስም የተገኘው ጣልያን አገር በፖዙዎሊ ከተማ አጠገብ ካለው አመድ ሲሆን፤ ሮማውያን ከኖራ ጋር እየደባለቁ የባሕር ወደብ ሳይቀር ሠርተውበታል። ይህን ሁሉ በክፍል ተምረነው ነበር፤ ከከረጢቱ ጋር ግን አላገናኘነውም።

ስለ አፈር የጻፈው አንዳችን ብቻ ነው። እሱም ከግቢው በሚወጣው አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ጨምሮ ብሎኬት መጭመቅ ይቻላል ይላል። የግቢው አፈር ደግሞ ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። አፈሩን በጠርሙስ ውሃ ውስጥ በጥብጦ አንድ ቀን ቢያስቀምጠው አሸዋው ከታች፤ ሸክላው ከላይ ሲደረደር ባየ ነበር። የዘበኛው ጎጆ ከጭቃና ከጤፍ ጭድ መሠራቱን፤ ድንጋይ ላይ መቀመጡንም አራታችንም አልጻፍንም።

ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ዕቃው እንጂ ስለ አያያዙ ምንም አለማለታችን ነው። ፑሚስ ያለበት ሲሚንቶ ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ አርማታው ረዘም ላለ ጊዜ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ለተራው ቢያንስ 7 ቀን ከተባለ ለዚህኛው ከዚያ ይበልጣል። እኛ በነበርንበት ሥፍራ ውሃ በቦቴ ይመጣ ስለ ነበረ ምሰሶዎቹ ጣውላው እንደ ተነቀለላቸው ትንሽ ይረጩና ይረሳሉ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ «ልጆቼ፤ ጆንያ አልብሳችሁ አጠጡት፤ ገና ሕፃን ነው» ቢሉን ሳቅን። በሪፖርታችን ያያያዝነው ማስረጃ የ28 ቀን የኩብ ናሙና ውጤት ነው፤ እሱም በእርግጥ አልፏል። ኩቡ ግን 28 ቀን ሙሉ በላቦራቶሪ ገንዳ ውስጥ ተኝቶ የሰነበተ ነው። ኩቡ የሚያስረዳን ድብልቁ ሊሆን የሚችለውን እንጂ ምሰሶው የሆነውን አይደለም። ሁለቱን አንድ አድርገን አቅርበናል። ተሰንጥቆ የሚፈርስና እንደገና የሚሞላ ምሰሶ ሲሚንቶ ሁለት ጊዜ ይበላል፤ በፑሚሱ የተቆጠበውም በዚያው ይጠፋል።

ከመካከላችን አንዱ በቀን መዝገቡ ላይ የሦስተኛው ፎቅ ምሰሶዎች ውሃ ያገኙት ለ3 ቀን ብቻ መሆኑን ጽፎ ነበር። ያንን ገጽ ያስቀረነው የሪፖርቱን መልክ እንዳያበላሽ ብለን ነው። አሁን በክፍላችን በሚገኘው ቅጂ ላይ አያይዘነዋል።