ፖሎኒየስ ወንጌል ሲሆን

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጓደኛዬ የቤት ኪራይ ጎድሎት ገንዘብ እንዳበድረው ጠየቀኝ። ገንዘቡ ነበረኝ፤ ግን ፈራሁ። «መጽሐፍ ቅዱስም እኮ ማበደርን አይወድም» አልኩት። ሃይማኖተኛ ነውና አልተከራከረኝም። ዝም ብሎ ሄደ።

በኋላ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ሐምሌት» ሳነብ የኔን «ጥቅስ» ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ተናጋሪው ነቢይም ሐዋርያም አይደለም። የዴንማርክ ንጉሥ አማካሪ የሆነው ፖሎኒየስ ነው፤ ወሬ የማይጠግብ ሽማግሌ። ልጁ ላኤርተስ ወደ ፈረንሳይ ሊሳፈር ሲል ከሚደረድርለት ምክር አንዱ ከማበደርም ከመበደርም እንዲርቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስስ? ማቴዎስ 5፥42 ላይ ክርስቶስ ሊበደር ለመጣ ሰው ፊት እንዳንነሳ ያስተምራል። እኔ ጭራሽ ገልብጬው ነበር።

እንዲህ የሚሳሳተው ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ። ጥፋተኛው ጆሮ ነው። የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1611 ነው፤ ሼክስፒር የሞተው በ1616። የአንድ ዘመን ቋንቋ ስለሆኑ ለዛሬ ሰው ያረጀው ሁሉ የተቀደሰ ይመስለዋል። እኛም ጋ ግዕዝ ጣል የተደረገበት አባባል ሳይጠየቅ ያልፍ የለ? በዚያ ላይ ሼክስፒር ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ይቀዳል፤ ሐምሌት ወደ መጨረሻው ስለ ድንቢጥ መውደቅ የሚያነሳው ከማቴዎስ 10 የመጣ ነው።

ስለዚህ ጆሮን ትተን ሌላ ነገር እንጠይቅ፦ ማን ተናገረው? ለማን? ከዚያስ ምን አደረገ? ፖሎኒየስ በዚያው ምክሩ ልጁ ለራሱ ታማኝ እንዲሆን ያሳስበዋል። ይህን ምክር ዛሬ ሰው ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። በሚቀጥለው ገቢር ግን ይኸው አባት ልጁን የሚሰልል አሽከር ወደ ፓሪስ ይልካል! ተመልካቹ ምክሩን ሰምቶ፣ ቀጥሎ መካሪውን ያያል። ቆርጠን ስንሰቅለው ሰውየው ይጠፋና ምክሩ ብቻ ይቀራል።

«መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ» ማለትም ብቻውን አይበቃም። የኢዮብ ወዳጆች ብዙ ያማረ ነገር ተናግረዋል፤ መጨረሻ ላይ ግን እግዚአብሔር ይቆጣቸዋል። ማቴዎስ 4 ላይ ከመዝሙረ ዳዊት የሚጠቅሰው ዲያብሎስ ነው። «የቬኒሱ ነጋዴ» ውስጥ ሻይሎክ በያዕቆብ በጎች ታሪክ ወለድን ሲያስረዳ፣ አንቶኒዮ ይህንኑ የዲያብሎስ ጥቅስ ያነሳበታል። የሚገርመው፣ ሻይሎክ ላይ ሲተፋበት የኖረው ያው አንቶኒዮ ነው።

«ጥሩ ምክር ማንም ይበለው ማን ጥሩ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ ይሁን። እንግዲያው በራሳችን ስም እንበለው። እኔ የዚያን ቀን መጽሐፍ ቅዱስን የጠራሁት ፍርሃቴን ከኋላው ለመደበቅ ነበር። ጓደኛዬ ከቅዱስ ቃል ጋር መከራከር አልቻለም። «ፈርቼ ነው» ብለው ኖሮ ግን ይከራከረኝ ነበር፤ ምናልባትም ይረታኝ ነበር።