መርፌና ብሩሽ በአንድ ሚዛን

በ1982 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ መርፌን እንደ ብሩሽ ይዟል። ያገለገለ ቁልፍ፣ ጨርቅና ክር በትዕግሥት አጠራቅሞ በሸራ ላይ በሰፋቸው ሥራዎቹ ክሩ ራሱ መስመር ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይደራረባል፤ ጥግግቱም ብርሃንና ጥላ ይፈጥራል። ሥራዎቹ በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ በሳንታ ሞኒካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለትርዒት ቀርበዋል።

ይህ ስኬት በእኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ተጀምሮ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የቀረው የእናቶች ጥልፍ ያጣው ችሎታን ሳይሆን ጊዜን ነው። ያው ስፌት በሠዓሊ እጅ «ሥነ ጥበብ»፣ በእናቶች እጅ ግን «የእጅ ሥራ» ብቻ የሚባልበት ሚዛን የተዛባ ነው። ስለዚህ የሥዕል መምህራን መርፌን ወደ ክፍል ያስገቡ፤ የትርዒት አዳራሾችም ለጥልፍ ግድግዳ ይስጡ። ተመልካች እንዳለው ያወቀ እጅ ጅምሩን ከሣጥን ያወጣል።